የአምስት በመቶው ምክትል ፕሬዚዳንት

ስፓይሮ አግኒው አዲስ አበባን ረግጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። የመጣው በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ እስያንና የአረብ አገሮችን ዞሮ ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ ኬንያና ወደ ኮንጎ ባለፈበት ረዥም ጉዞ ጃንሆይ ተቀብለው አስተናግደውታል። በዚሁ ጉዞ ላይ ለጋዜጠኞች የሰጠው አስተያየት አገሩ ላይ ቁጣ ቀስቅሶበት ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች መሪዎች ከማማረር ይልቅ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጆሞ ኬንያታና ከሞቡቱ ቢማሩ ይሻላቸዋል ማለቱ ነበር ጣጣው። እንግዲህ መካሪው በዚያ ሐምሌ ወር፣ ከሜሪላንድ መሐንዲሶች በፖስታ ታሽጎ የሚመጣለት ገንዘብ ገና አልተቋረጠበትም።

ስለዚህ ሰው ልጽፍ የተነሣሁት አለምክንያት አይደለም። በየትም አገር ቢሆን የአንድ ሚኒስትር ጥፋት አደባባይ በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። ሕግ ለሹም ሌላ፣ ለተራው ሰው ሌላ ሚዛን አለው የሚሉ ወገኖች አሉ። የለም፣ ሹምም ሲያጠፋ ይወድቃል የሚሉ ደግሞ በሌላ በኩል ይቆማሉ። የሕግ ትምህርት ከጨረስሁ ጀምሮ ባሉት ዓመታት ለሁለቱም ወገን እኩል ምስክር የሚሆን እንደ አግኒው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አባቱ ከግሪክ የመጣ ስደተኛ ነው። አናግኖስቶፑሎስ የሚለውን ረዥም የቤተሰብ ስም አሳጥሮ አግኒው አደረገውና ባልቲሞር ከተማ ምግብ ቤት ከፈተ። ስፓይሮ በኖቬምበር 9 ቀን 1918 እዚያው ተወለደ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ አባትየውም አትክልት መሸጥ ጀመረ። ልጁ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ቢሞክርም አልሆነለትም። ቀን እየሠራ ማታ ማታ ሕግ መማር ጀመረ። በመካከሉ ጦርነት መጣና አውሮፓ ዘምቶ፣ የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ተሸልሞ ተመለሰ። የሕግ ዲግሪውን ያገኘው በ1947 ነው። አንድ ጊዜም የሱፐርማርኬት ሠራተኞች አስተዳደር ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሕይወቱን ያነበበ ሰው ይወደዋል እንጂ አይጠላውም።

ፖለቲካ የጀመረው ከታች ነው። በ1957 በባልቲሞር ካውንቲ የመሬት አጠቃቀም ይግባኝ የሚሰማ ቦርድ አባል ሆነ። በ1962 ዴሞክራቶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ በመካከል ሾልኮ የካውንቲው አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። በ1966 ለሜሪላንድ አገረ ገዢነት ሲወዳደር ዴሞክራቱ ተፎካካሪው ጥቁሮች በነጭ ሰፈር ቤት እንዳይገዙ በሚደግፍ ቅስቀሳ ስለቀረበ፣ ጥቁሮችና ለዘብተኛ ነጮች ለሪፐብሊካኑ አግኒው ድምፅ ሰጡት። ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመትም የተወሰነ የቤት አድልዎን የሚከለክል ሕግ፣ የወንዝና የአየር ብክለትን የሚቆጣጠር ሕግ፣ እንዲሁም የግብር ማሻሻያ ሕግ አስወጥቷል። ይህ ዓመት 1967 ነው። አንባቢዬ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ባልቲሞር ስትቃጠል አግኒው ሌላ ሰው ሆኖ ብቅ አለ። የከተማይቱን ለዘብተኛ የጥቁር መሪዎች፣ ማለትም ሁከቱን ለማብረድ መንገድ ለመንገድ ሲለምኑ የሰነበቱትን ሰዎች ሰብስቦ በካሜራ ፊት ገሠጻቸው። ብዙዎቹ ረግጠው ወጡ። ይህን ያየው ሪቻርድ ኒክሰን የሚፈልገውን ሰው አገኘ። በኦገስት 1968 ከሜሪላንድ ውጭ እምብዛም የማያውቀው ሰው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጨ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል የአግኒው ሥራ በየመድረኩ እየዞሩ መሳደብ ነበር ማለት ይቻላል። በኖቬምበር 1969 የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ዜና አዘጋጆች፣ በሌላ ጊዜ ተማሪዎችን፣ ምሁራንን፣ ለወንጀለኛ ይራራሉ ያላቸውን ሁሉ ወረደባቸው። ሕግና ሥርዓት ይከበር የሚለው ወገን ጣዖቱ አደረገው። ምርጥ ንግግሮቹን የሚጽፉለት የኋይት ሐውስ ሰዎች እንደነበሩ አይዘነጋ።

አሁን ወደ ፖስታው እንምጣ። በሜሪላንድ በዚያ ዘመን የመንገድ፣ የድልድይና የውኃ ሥራ የምሕንድስና ውል ለተጫራች አይቀርብም ነበር። መሐንዲስ ሙያተኛ ነውና በዋጋ ሊወዳደር አይገባም የሚል ሰበብ ነበረው። በመሆኑም ውሉን ማን ይውሰድ የሚለው ከላይ የተቀመጠው ሰው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ባለበት ዋጋ ይኖራል፤ ዋጋውም ከውሉ ክፍያ አምስት በመቶ ያህል ነበር። አግኒው የካውንቲ አስተዳዳሪ ሳለ ሌስተር ማትዝ የተባለ መሐንዲስ ይከፍል ነበር። አገረ ገዢ ሲሆን ውሎቹ ተለቁ፤ ሰንሰለቱም ተደራጀ። የመንገድ ኮሚሽኑን የሚመራው ጄሮም ወልፍ የትኛው ድርጅት ውል ሊሰጠው እንደሆነ ያሳውቃል፤ ሃመርማን የተባለ ባለሀብት ገንዘቡን ይሰበስባል፤ ግማሹ ለአግኒው ይሄዳል፤ ቀሪው ለሁለቱ ሩብ ሩብ ይከፈላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የእኛን ተረት ሜሪላንዶች አያውቁትም፤ ግብሩን ግን ያውቁታል።

ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ አልቀረም። የቆየ የውል ሒሳብ ነው ተብሎ፣ ማትዝ በ1969 ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ 10 ሺህ ዶላር በፖስታ አድርጎ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ውስጥ እንዳስረከበው ለዐቃቤ ሕግ ቃሉን ሰጥቷል። ሌላ መሐንዲስም እስከ 1972 ድረስ በየዓመቱ ጥቂት ጊዜ እየተመላለሰ ከፍሏል። አግኒው እስኪሞት ድረስ ጉቦ አልበላሁም፤ የሜሪላንድ ፖለቲከኛ ሁሉ እንደሚያደርገው የምርጫ መዋጮ ነው የተቀበልሁት እያለ ኖሯል።

ነገሩ የተገኘው ሳይፈለግ ነው። ጆርጅ ቢል የተባለ የሜሪላንድ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ከሦስት ወጣት ረዳቶቹ ጋር የባልቲሞር ካውንቲን ሙስና መመርመር ጀምሮ ነበር። ዒላማው አግኒው ለቆት በሄደው ወንበር ላይ የተቀመጠው ዴሞክራቱ ዴል አንደርሰን ነው። መሐንዲሶቹ ሲጠየቁ ለአንደርሰን የሰጠነው ከእርሱ በፊት ለነበረውም ስንሰጠው የኖርነውን ነው አሉ። ልብ በሉ፤ ቢል ሪፐብሊካን ነው። የሾመው ኒክሰን ነው። ወንድሙ የሜሪላንድ ሪፐብሊካን ሴናተር ነው። በወንድሙ በኩል ጫና ለማሳደር መሞከሩም ከዓመታት በኋላ ታውቋል። ምርመራው ግን አልቆመም። ይህን ስጽፍ ትንሽ እቀናለሁ።

በኦገስት 1973 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አግኒው ካደ፤ ዛተ፤ ለፍርድ ብቀርብም ሥልጣኔን አልለቅም ብሎ በሎስ አንጀለስ የፓርቲው ሴቶች ስብሰባ ላይ አስጨበጨበ። ጠበቆቹ የያዙት መከራከሪያ ግን የሕግ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ ሳለ በመደበኛ ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም፤ መጀመሪያ ምክር ቤት ከሥልጣን ማውረድ አለበት አሉ። አግኒው ራሱም ወደ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ካርል አልበርት ሄዶ እባካችሁ እናንተ መርምሩኝ ብሎ ለመነ፤ በ1826 ምክትል ፕሬዚዳንት ካልሁን እንዲህ አድርጎ ነጻ ወጥቷል ሲል ምሳሌ ጠቀሰ። የፖለቲካ ምርመራ ወራት ይፈጃል፤ ፍርድ ቤቱም ይጠብቃል ብሎ ነበር ያሰበው። አልበርት ግን አልተቀበለውም። የፍትሕ ሚኒስቴርም በሴፕቴምበር ባዘጋጀው የሕግ አስተያየት ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ ሳለ አይከሰስም፤ ምክትሉ ግን ይከሰሳል አለ። ሁለቱ ለምን ይለያያሉ ቢባል ምክትል ፕሬዚዳንት ለአንድ ወር ችሎት ቢመላለስ መንግሥት አይቆምም ነው መልሱ። ይህ አስተያየት ለፕሬዚዳንቶች ስንት ዓመት ሙሉ ጋሻ ሆኖ እንዳገለገለ ለዛሬው አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ ድርድር ተጀመረ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤሊዮት ሪቻርድሰን የሚያስፈራው ነገር ነበር። በዋተርጌት ምክንያት ኒክሰን እየተንገዳገደ ነው። ኒክሰን ቢወድቅ ወይም ቢሞት በማግስቱ ፕሬዚዳንት የሚሆነው በፖስታ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ ሪቻርድሰን ከሁሉ በላይ የፈለገው አግኒው ወንበሩን እንዲለቅ ነው። ከወጣቶቹ ዐቃብያነ ሕግ መካከል እስር ካልተፈረደበት ፍትሕ አይባልም ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ሪቻርድሰን ግን ወሰነ።

ኦክቶበር 10 ቀን 1973፣ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አግኒው ባልቲሞር ችሎት ቀረበ። የክሱ ዝርዝር አንድ ብቻ ነው። በ1967 ካገኘው ገቢ ውስጥ 29,500 ዶላር ለግብር ሰብሳቢው ሳያስታውቅ ቀርቷል። በዚያው የግብር ማሻሻያ ሕግ ባስወጣበት ዓመት! የጉቦው ጉዳይ ከክሱ ወጥቶ ባለ 40 ገጽ የማስረጃ መግለጫ ሆኖ ለሕዝብ ታተመ። ጉቦ እንዴት ግብር ይከፈልበታል የሚል አንባቢ ይኖራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 በአንድ የአረቄ ኮንትሮባንዲስት ጉዳይ ከወንጀል የተገኘ ገቢም ገቢ ነው ብሎ ወስኗል፤ አል ካፖን በ1931 አሥራ አንድ ዓመት የተፈረደበት በዚሁ በግብር ሕግ ነው።

አግኒው የሰጠው መልስ በላቲን ኖሎ ኮንቴንደሬ ይባላል። አልከራከርም ማለት ነው። እኛ የተማርነው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽን ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ ይጠይቃል እንጂ እንዲህ ያለ ሦስተኛ በር አያውቅም። በዚያ በር የገባ ሰው ይቀጣል፤ ከችሎት ሲወጣ ግን አላመንሁም ለማለት አፉ ነጻ ነው። ዳኛው ዋልተር ሆፍማን ይህ መልስ ጥፋተኛ ነኝ ከማለት ጋር እኩል መሆኑን በግልጽ ነገረው። ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ የጉዳዩ እምብርት ነው። እንዲህ ባለ የግብር ወንጀል የሕግ ባለሙያ ሲከሰስ ልማዱ ማሰር እንደሆነ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምሕረት ባይጠይቁለት ኖሮ ይህንንም ያስረው እንደነበር ገለጸ። ከዚያም 10 ሺህ ዶላር ቀጥቶ፣ ሦስት ዓመት ገደብ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሰደደው። የሥልጣን መልቀቂያ ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የተላከውም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሄንሪ ኪሲንጀር ነው።

እዚህ ላይ ዴል አንደርሰንን እናስታውስ። በዚያው ወንበር የተቀመጠ፣ በዚያው ዘዴ የተጠቀመ ሰው ነው። በ1974 ጉቦ በማስገደድ፣ በማሴርና ግብር ባለመክፈል ጥፋተኛ ተብሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። አግኒው አንዲት ቀን እንኳ አልታሰረም። ሕጉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አግኒው የሚሸጠው ነገር ስለነበረው ነው። ዐቃቤ ሕግ አጥብቆ የሚፈልገውን ወንበር ይዞ ተደራደረ። አንደርሰን ያለችው የካውንቲ ወንበር ብቻ ናት፤ እርሷን ለመግዛት የሚቸኩል አልነበረም። እንግዲህ ወንበሩ ከፍ ባለ መጠን የነጻነት መግዣነቱም ከፍ ይላል ማለት ነው። ሪቻርድሰንን አልኮንነውም፤ አገሩን ከከፋ ነገር አድኗል። በዚያው ወር በ20ኛው ቀን የዋተርጌትን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አላባርርም ብሎ ሥልጣኑን የለቀቀው ራሱ ሪቻርድሰን ነው። ግን ዋጋውን ማን ከፈለው ሲባል አንደርሰን ከፈለው ማለቴ አይቀርም። አንደርሰን ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱም መታሰር ስለነበረባቸው ነው።

አለቃው ኒክሰንም ከዚህ የራቀ አልነበረም። አግኒው ችሎት ከመቅረቡ ከሳምንት በፊት አንድ የሮድ አይላንድ ጋዜጣ ኒክሰን በ1970 ለፌዴራል መንግሥት የከፈለው የገቢ ግብር 800 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ አጋለጠ። የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዘመኑን ወረቀቶች ለመንግሥት መዝገብ ቤት ለግሻለሁ ብሎ ከግብሩ አስቀንሶ ነበር፤ የስጦታው ሰነድ ላይ ያለው ቀን ግን ወደ ኋላ ተደርጎ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። በ1974 ኮንግረሱ መርምሮ ከወለዱ ጋር ከ470 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ እንዳለበት አስታወቀ። ሰነዱን የፈረመው የኋይት ሐውስ ሠራተኛ ታሰረ። ኒክሰን በምሕረት ቀረ፤ ምሕረቱን የሰጠው በአግኒው ቦታ የተተካው ጄራልድ ፎርድ ነው።

በእኛ ዘንድ ነገሩ በግልባጩ ነው የሚሄደው። አግኒው በተቀጣ ማግስት ባሉት ወራት የኢትዮጵያ ወታደርና ተማሪ ሚኒስትሮች ይመርመሩ ብሎ ተነሣ፤ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ሰዎች ያሉበት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና የተከሰሱት ከፓርቲያቸው ጋር ከተጣሉ በኋላ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ሲፈቅዱላቸው በቀናት ውስጥ ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። በሙስናው ላይ ክርክር አልገጥምም። የምጠይቀው ፋይሉ ጠቡ ከመድረሱ በፊት የት ነበር ብዬ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፋይሉ ተከፍቶ ሰውየው ወደቀ። እኛ ጋ ሰውየው ሲወድቅ ነው ፋይሉ የሚከፈተው። አሜሪካኖች ለትልቅ ሹም ያደሉበትን ያህል፣ እኛ ላልወደቀ ሹም ነው የምናደላው።

አግኒው ከዚያ በኋላ 23 ዓመት ኖረ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት በ1974 የጥብቅና ፈቃዱን ሰረዘ። የግብር ዕዳውንና ቅጣቱን እንዲከፍል 200 ሺህ ዶላር ያበደረው ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ ነው። የውጭ አገር ነጋዴዎች አማካሪ ሆነ፤ አንድ ልብ ወለድና አንድ ራሱን የሚከላከልበት መጽሐፍ ጻፈ። ከኒክሰን ጋር አልተነጋገረም፤ ስልክ ቢደውልለት አያነሣም ነበር። ሆኖም በ1994 ቀብሩ ላይ ተገኘ። በ1995 በልማዱ መሠረት የራስ ሐውልቱ በኮንግረስ ሕንፃ ውስጥ ቆመ። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1996፣ ደሙ ውስጥ ካንሰር መኖሩ ሳይታወቅ፣ በ77 ዓመቱ ሜሪላንድ ውስጥ ሞተ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዋሽንግተን ውስጥ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ጆን ባንዛፍና ተማሪዎቹ፣ የወንጀሉ ጉዳይ በድርድር ቢዘጋ የፍትሐ ብሔሩስ ለምን ይዘጋል ብለው ተነሡ። የሜሪላንድ ግብር ከፋዮችን ከሳሽ አድርገው አግኒው የበላውን ጉቦ ለግዛቱ ይመልስ ሲሉ ከሰሱ። በ1981 ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ጉቦ 147,500 ዶላር ነው ብሎ ከወለዱ ጋር እንዲመልስ ፈረደ። ይግባኙ አልሠራለትም፤ በ1983 268,482 ዶላር ከፈለ። ቼኩን የፈረመው አሁንም ጉቦ አልበላሁም እያለ ነው።

ነዋሪነቱ በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ ነበር። በ1989 ወደ ካሊፎርኒያ ግብር ባለሥልጣኖች ሄዶ፣ ለሜሪላንድ የመለስሁት 268,482 ዶላር ወጪ ነውና ከሚከፈል ግብሬ ይቀነስልኝ ብሎ አመለከተ። አልተቀበሉትም።